የሰኞው ወንበር

ባሌን ካመናችሁት ኳስ የሞተችው ተጫዋቾች መጋረጃ ባለው አውቶቡስ ወደ ስታዲየም መግባት የጀመሩ ዕለት ነው። ቀብሯ ላይ የተገኘው እሱ ብቻ ይመስል እስከ ዛሬ ያለቅስላታል። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎጣው አንገቱ ላይ ሲታሰር፣ ቶንዶሱ ገና ጆሮው ጋ ሳይደርስ «ድሮ ቀረ!» ብሎ ይጀምራል። ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣው ሰውዬ ታሪክ ተምሮ ይወጣል። አንዳንዱማ ግማሽ ፀጉሩ ተረስቶለት ነው የሚወጣው።

እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ። የምንሠራበት ቤት አባቴ ያወረሰኝ አንድ ክፍል ነው፤ መኖሪያችን ከጀርባው ነው። በመንገዱ በኩል የባሌ ፀጉር ቤት አለ፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ የማይጣልበት መደርደሪያ። ወደ ጓሮው በኩል ደግሞ የእኔ የስፌት መኪና፣ የክር ሣጥኔና ደንበኛ ረስቶት የሄደ የሱሪ ክምር። መሐላችን ላይ አበባ አበባ ያለው መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ስለዚህ የድሮን ኳስ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼ ሺህ ጊዜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ሰፈሩ ባሌን «ሚስማር» ነው የሚለው። የፋብሪካው ክለብ አጥቂ በነበረ ጊዜ ኳሷን መረቡ ላይ ይቸነክራታል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ዛሬ ሚስማሩ ዝጓል፤ ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱ ይንቋቋል። ስሙን የጠራው ሰው ካለ ግን አሁንም ደረቱን ይነፋል።

ድሮ ምን ነበር? እኔ ልንገራችሁ፣ እሱ ከነገራችሁ ይመሽባችኋል። ተጫዋቹ ጠዋት ፋብሪካ ይሠራል፣ ከሰዓት ይለማመዳል፣ እሁድ ይጫወታል፣ ለዚያም ደመወዙን ያገኛል። ማልያውን የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩን ከነጭ አንሶላ እየቆረጥኩ። ተጫዋቹ ማልያውን ቤቱ ወስዶ ያጥባል። ሰፈሩም ዓርብና ቅዳሜ በየግቢው ገመድ ላይ የተሰጣውን እያየ የእሁዱን አሰላለፍ ያውቃል። ሰባት ቁጥር ካልተሰጣ «ልጅሽ ታመመ እንዴ?» ብሎ እናቱን የሚጠይቅ አይጠፋም። እሁድ ሲሆን ታኬታቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በእግራቸው ይሄዳሉ። ሰዉ ይከተላቸዋል። አንዱ ቦርሳ ይይዝላቸዋል፣ አንዱ ይመክራቸዋል፣ አንዱ «ዛሬ ካላገባህ ሰላምታም የለንም» ይላል። ያልተጠየቀ ምክር ያኔም ርካሽ ነበር።

እኔ እንደ ባሌ ግማሹን ብቻ አላወራም። ኳሷ ዝናብ የጠጣች ዕለት ድንጋይ ነበረች፤ በግንባሩ የገጫት ቀን የስፌቷ መስመር ታትሞበት ነው የሚመጣው። አሥራ አንዱም በአንድ ጣሳ ውሃ ይጠጡ ነበር። «እሱንም ጨምረህ አውራ እንጂ» ስለው «አንቺ ደግሞ ማር እየላስሽ ንብ ትቆጥሪያለሽ» ይለኛል። ንቧ ስትነድፈው ፋሻ የማስረው ግን እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን እኔንም ይናፍቀኛል፤ የሰኞው ወንበር።

ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው። ያኔ ፀጉር ቤቱ የእሱ ነበር። ክለቡን ከልጆቹ አስበልጦ የሚወድ፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ ያለ ሰው። ክለቡ እሁድ ሲሸነፍ ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ ያጠፋውን ተጫዋች ያማል፣ ከኋላው ይስቃል፣ እናቱን ገበያ ላይ ያሽሟጥጣል። አባቴ ይሄን አይቶ አይቶ ቆሽቱ አረረ። አንድ ሰኞ «በቃ!» አለና የመሐሉን ወንበር አዙሮ ከበሩ ፊት ለፊት አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያጠፋ ተጫዋች ሰኞ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ቅር ያለው ሁሉ ተሰልፎ ይገባል። ለእያንዳንዱ አንድ ስድብ ይፈቀድለታል፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ። እናትና አባት አይነካም። ሰድቦ ሲጨርስ እጁን ይጨብጠዋል። ሰልፉ ሲያልቅ አባቴ ተጫዋቹን በነጻ ይላጨዋል። ከዚያ በኋላ ያ ጥፋት ሞተ ማለት ነው። ማንም ሰው፣ በቀልድም ሆነ በስካር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አያነሳውም። አንድ ጊዜ አንዱ ረስቶ አነሳና አባቴ ጢሙን ግማሹን ላጭቶ አባረረው። ሰውዬው በግማሽ ጢም አደባባይ ሲያቋርጥ ያየ ሁሉ ሕጉን በደንብ ያዘ።

የመጨረሻ ልጃችን ዛሬ ለዚያው ክለብ ይጫወታል፤ ያው ነው ካልን። ፋብሪካው ተሸጧል፣ የክለቡ ስም ተቀይሯል፣ ማልያው ላይ ማስታወቂያ ከመብዛቱ የተነሳ ቁጥሩን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የሚስማር ልጅ ነውና ሰዉ «ብሎን» አለው። ብሎን ከጓደኞቹ ጋር ዘበኛ ባለው ግቢ ነው የሚኖረው። ከደጋፊ ጋር ሰላም የሚባባለው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱም መጋረጃው ከተገለጠ። አባቱ ይሄን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል፤ ልጁ ጎል ያገባ ቀን ግን ከማንም በፊት ጣሪያ የሚነካው እሱ ነው።

ቅዳሜ የዋንጫው ፍጻሜ ነበር። አንድ ለባዶ እየተመራን በመጨረሻዋ ደቂቃ ፔናሊቲ ተሰጠን። መቺው ብሎን። እኔ ቴሌቪዥኑን በጣቶቼ መሐል ነው ያየሁት። ልጄ ሮጠ፣ ደረሰ፣ ከዚያ ኳሷን ከሥሯ ነካ አደረጋት። በረኛው ወደ ጎን ሲወድቅ በላዩ ቀስ ብላ ትገባለች ብሎ ነው አሉ። በረኛው ግን የትም አልወደቀም። ባለበት ቆሞ ብርቱካን እንደተወረወረለት ሰው በሁለት እጁ ተቀበላት።

እሁድ ጠዋት ልጄ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ አውርዶ መጣ። ሰላም ሳይለን ከእኔ መኪና ጀርባ ወዳለችው የልጅነት ክፍሉ ገብቶ ቆለፈ። ሾርባ ይዤ ብዙ ካንኳኳሁ በኋላ ከፈተልኝ። አልጋው ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ስልኩ አንድ ደቂቃ ዝም አይልም።

«እማዬ፣ እይ እስኪ» አለኝ። አየሁ። «እግርህን ቆርጠህ ጣለው» ይላል አንዱ። ሌላው እዚህ የማልደግመውን ብሏል። ስም የላቸው፣ ፊት የላቸው። አንዱ የድመት ፎቶ ነው፣ አንዱ የመኪና፣ ያ እግር ቆራጩ ደግሞ የቀይ አበባ። በዚህ ዘመን አበባም ይሳደባል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ። «ማናቸውን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ?»

ሾርባውን አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩለት። ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። ሰኞ ከሰዓት ወኪሉ የውል ማፍረሻ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ፈርሞ ይገላገላል። እዚህም ቢሆን ሌላ አገር፣ ኳስ የሚባል ነገር ሁለተኛ አይነካም።

እኔ ልጄ ኳስ ቢተው ሞቼ አልገኝም። ዳቦ ይጋግር፣ ሱሪ ይስፋ፣ የፈለገውን ይሁን። ግን ይሄ ልጅ ሳይራመድ ኳስ የወደደ ልጅ ነው፤ ከክሬ ሣጥን ድቡልቡል ክር እየሰረቀ በዳዴ ሲገፋ ነው ያደገው። ጠግቦ ቢተዋት ግድ የለኝም ነበር። ፈርቶ ከተዋት ግን ዕድሜ ልኩን አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። 

አባቱ መድኃኒቱን ያውቃል። በሩ ላይ አፉን ለጥፎ «ልጄ!» አለ። «ነገ ወንበሩን አዞርልሃለሁ። ትቀመጣለህ፣ ይሰድቡሃል፣ እላጭሃለሁ፣ አለቀ!»

«አባዬ፣ የእናንተ ጊዜ ሌላ ነው።»

«ሰው ያው ሰው ነው።»

«ደግሞ አንተ ምን ታውቃለህ? አንተ ፔናሊቲ ስተህ አታውቅም!»

ባሌ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ምላሴ ላይ የደረሰ ነገር ነበር። ሕጉ ትዝ አለኝና ዋጥኩት፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ልጁ ይሄን ከየት አመጣው አትበሉ። በሰፈራችን ሰው ቃል ሲገባ «እንደ ሚስማር ፔናሊቲ ቁጠረው» ይላል። ልጃችን በዚህ አባባል ነው ያደገው። ባሌ በአፉ «ስቼ አላውቅም» ብሎ አያውቅም፤ ዝም ነው ያለው። ሕጉ የወንበሩን ባለቤትም ጭምር ይከለክላል። እሱም ደስ ብሎት ነው የተከለከለው።

ባሌ ልጁን አላስፈቀደም። በዚያው እሁድ ለሥጋ ሻጩ ነገረው። ሥጋ ሻጩ ስሙ «ጥሩንባ» ነው፤ ለእሱ የነገሩት ነገር ጋዜጣ ላይ የወጣ ያህል ነው። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ብቅ ብዬ ሳይ ሰልፉ ከእኛ ደጃፍ ተነስቶ ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ የጫማ ጠጋኙን ጥግ ዞሮ፣ መጨረሻው አይታይም። ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ወጣቶቹ የአዲሱን ክለብ ማልያ ለብሰው፣ ነገሩ ስላልገባቸው ሽማግሌዎቹን ይጠይቃሉ። ጋሽ አራጋቢ፣ የድሮው የመስመር ዳኛ፣ ሰልፉን ያስተካክላሉ። እጃቸውን ሲያነሱ ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓመት ሙሉ ተፈልጎ የማይገኝ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በልጄ ጭንቀት መሐል ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ሰው በዚያ መንገድ ላይ ሲሳሳቅ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ወንበሩ ዞሯል። በላዩ ግን ሰው የለም። ባሌ የክፍሉን በር አንኳኳ።  ደግሞ አንኳኳ።

«ሂዱ በሏቸው!» አለ ልጄ ከውስጥ።

እኔ ባሌን ልገለው ደረስኩ። «ሳትጠይቀው ከተማውን ጠርተህ! አሁን ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት። ባሌ ትንሽ አሰበ። ጋዋኑን አወለቀ። ከዚያ ራሱ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁን ኳስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «በሉ፣ ለእኔ ንገሩኝ።»

እኔ ወደ መኪናዬ ተመልሼ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ አያለሁ። የመጀመሪያው ጥሩንባ ነበር። «አንተ ሚስማር!» አለ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። «ልጅህን ምታ አልከው ወይስ ሳማት አልከው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እጁን ጨበጠው። ቀጥላ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ገባች፤ «እኔ ሊጥ የምመታውን ያህል እንኳ አልመታትም!» ብላ ጨበጠችው። እንዲያ እንዲያ እያለ ሄደ። ባሌ ስድቡን እንደ ምርቃት በፈገግታ ነው የሚቀበለው። እንዲያውም አንዳንዱን «ደካማ ነው፣ ድሮ ከዚህ የተሻለ እንሰደብ ነበር» እያለ ያርማል።

ከበሩ ኋላ ያለው ልጅ ግን አልሳቀም።

«አባዬ ተነስ!» አለ። ድምፁ ተሰባብሯል። «ተነስ እንጂ! አንተ ስተህ የማታውቅ ሰው በእኔ ምክንያት ለምን ትሰደባለህ?»

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ።  ጥሩንባ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ጋሽ አራጋቢ የጫማቸው ክር የተፈታ ይመስል አጎነበሱ፤ ጫማቸው ክር የለውም። ያን ሁሉ ስድብ በሳቅ የጠጣው ባሌ አንገቱ ድረስ ቀላ።

እኔ መኪናዬ ላይ እግሬ ቆመ። ያኔ ነው የገባኝ። ሕጋችን ደግ ሕግ ነው፤ የሰውን ሁሉ ስህተት ቀብረናል። ግን በጣም በደንብ ስለቀበርነው ልጆቻችን ስተው ከማያውቁ አባቶች የተወለዱ መሰላቸው። በልጄ ላይ በሩን የቆለፈው ስልኩ ብቻ አልነበረም፤ እኛም ከውጭ በኩል ቆልፈንበት ነበር። ወኪሉ ሊመጣ ነው። ሕጉን ላክብር ወይስ ልጄን ላውጣ?

መጋረጃውን ገለጥኩት።

«ስቷል!» አልኩ።

«አንቺ ሴትዮ!» ጋሽ አራጋቢ እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። «ሕጉ! ሕጉስ?»

«ሕጉን ያወጣው የእኔ አባት ነው! ከፈለጋችሁ ግማሽ ፀጉሬን ላጩኝ!» አልኩ ሽንጤን ገትሬ። «ስቷል! እሱም የዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ እሱም አንድ ለባዶ እየተመራን፣ ፔናሊቲ ስቷል!»

 ከዚያ ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው በሹክሹክታ «አጥሩን ዘላ ነው የሄደችው» አለ።

በቃ፣ ግድቡ ተሰበረ።

«አጥሩን ብቻ?» አለ ጥሩንባ። ይሄን ሁሉ ዓመት በሆዱ ይዞት ኖሯል፤ ለእሱ ምን ያህል ስቃይ እንደነበር አስቡት። «ጭድ የጫነ መኪና ላይ ነው ያረፈችው!»

«መኪናው ደግሞ እየሄደ ነበር!»

«ያለችን ኳስ እሷው ብቻ ነበረች!»

«እኔ ነኝ በብስክሌት የተከተልኩት» አሉ ጋሽ አራጋቢ፤ ሕጉን ረስተውታል። «ባንዲራዬን እያውለበለብኩ እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተልኩት። ሹፌሩ ሰላም ያልኩት መሰለው መሰለኝ፣ እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎኝ ሄደ።»

«ጨዋታው በዚያው አለቀ! ኳስ የለ!»

«በረኛው ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ እስኪመሽ ጠበቀ!»

የክፍሉ ቁልፍ ሲዞር የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ አብጧል፣ ፀጉሩ ቆሟል፣ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ የለም። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። አባቱ ፊት መጥቶ ቆመ።

«እውነት ነው?»

«እንግዲህ ሕጉ ስለማይፈቅድ…» አለ ባሌ።

«አባዬ!»

«እውነት ነው። ትንሽ ከፍ ብላ ነው የሄደችው።»

«ምን ያህል ከፍ ብላ?»

«ደመና ነበረ» አለ ባሌ። «በደንብ አልታየኝም።»

ልጄ መጀመሪያ የሳለ መሰለኝ። ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰ ነው ብዬ ልሮጥ ስል ቀና አለ፤ እየሳቀ ነው። ሆዱን ይዞ፣ መደርደሪያውን ተደግፎ፣ እንባው እየወረደ ነው የሚስቀው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጥሩንባም አብሮት ሲስቅ ከመስታወቱ ጥግ ላይ ቀለም ተፈረፈረ።

«ተነስ አባዬ» አለ ልጄ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «ወንበሩ የእኔ ነው።»

ሰልፉ እንደ አዲስ ተጀመረ። ጥሩንባ አንዱን ስድቡን ቀድሞ ጨርሷል ብለን ብንከራከረው «ያኛው የአባትየው ነው፣ ይሄኛው የልጁ ነው» ብሎ ረታን። «የእኔ ልጅ» አለው፣ «ኳስ እንዲህ ከምታባብል ጡጦ ገዝተህ አጥባት!» ልጄ ሳቀና ጨበጠው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ስድቡን ስታስብ ጠፋባትና «ምግብህን ብላ!» ብላ ጨበጠችው። እሱም እንደ ስድብ ተቆጠረ።

ከወጣቶቹ አንዱ ወንበሩ ፊት ደርሶ ደርቆ ቀረ። ማልያ ለብሷል፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አቅፏል።

«እኔ… ቅዳሜ ጽፌልህ ነበር» አለ።

«የትኛው ነህ?»

«አበባው።»

እጄ ላይ የነበረውን መቀስ አጠበቅኩት፤ አልክድም። ልጄ ግን ዝም ብሎ አየው። «በል፣ አሁን በአፍህ በለኝ» አለው።

«አልችልም።»

«ግዴታህ ነው» አለ ባሌ። «ሕግ ነው።»

ወጣቱ ልጄን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። «ሁለተኛ…» አለ፣ «ሁለተኛ ቀጥ አድርገህ ምታት!» ከዚያ እጁን ዘረጋ። ልጄ ሲጨብጠው ለቀቅ አላደረገውም፤ ትንሽ ያዘው። ወጣቱ ሲወጣ ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔም መቀሱን አስቀመጥኩ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ወኪሉ መጥቶ ኖሯል። ጥቁር መነጽር፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ በብብቱ የወረቀት መያዣ። ቀጥ ብሎ ሊገባ ሲል ጋሽ አራጋቢ እጃቸውን አነሱበት። «ሰልፍ!» ሰውዬው ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ ጥሩንባን ሲያየው ተወው። ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ የጫማ ጠጋኙን ጥግ ዞሮ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ከፊቱ ካሉት ጋር እያወራ፣ በመጨረሻ ወንበሩ ፊት ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ይስቅ ነበር። ግን ሥራ ሥራ ነው።

«እኔ ልሰድብህ አይደለም፣ ላስፈርምህ ነው የመጣሁት» አለ።

ልጄ ወረቀቱን ተቀበለ። ገለጥ ገለጥ አደረገ። በጣቱ ዳሰሰውና ወደ እኔ ዘረጋው። «እማዬ፣ ወፍራም ወረቀት ነው። ለእጅጌ ልክ መቁረጫ ይሆንሻል።» ከዚያ ወደ ወኪሉ ዞረ። «ነገ ጠዋት ልምምድ አለኝ።»

እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይከለክለኛል። ወኪሉ ግራ ገብቶት «እኔስ ታዲያ አንድ ስድብ አይፈቀድልኝም?» አለ። ተፈቀደለት። የተማረ ሰው ነው፣ ጥሩ አድርጎ ሰደበው።

ሰዉ ተበተነ። ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ወዲያ ወዲህ እያሉ ቀሩ። ባሌ ጋዋኑን መልሶ ለበሰ፣ ልጁን ወደ መስታወቱ አዞረው፣ አረፋውን ፊቱ ላይ ቀባለት። ምላጩ ግን ሥራ አልጀመረም። ባሌ ስለዚያች ኳስ ማውራት ጀምሯል። ይሄን ሁሉ ዘመን ታፍኖ የኖረ ወሬ ነው፣ አሁን ማን ያስቆመው! መጀመሪያ ሲያወራት ኳሷ ከአጥሩ በላይ አለፈች። ልጄ «ድገምልኝ» ሲለው ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ በላይ አለፈች። ሦስተኛ ላይ ጋሽ አራጋቢ «ኧረ በሬ ወለደ አታድርገው!» ብለው ገሠጹት።

«ቆይ ግን» አለ ልጄ፣ «በነጋታው አንተም እዚህ ተቀመጥክ ማለት ነው?»

«እዚህችው ላይ። አያትህ ናቸው የላጩኝ።»

«እማዬስ የት ነበርሽ?»

ባሌና እኔ ተያየን። የሕግ ነገር እንደሆነ አንዴ ፈርሷል።

«እዚሁ መጋረጃ ኋላ፣ በዚችው መኪና» አልኩት። «ሰልፉ ሁሉ ካለቀ በኋላ እኔም ወጣሁ። አባቴ ‹አንቺም?› አለኝ። ‹እኔም እኮ ቲፎዞ ነኝ› አልኩት። አባትህን አየሁት። ያን ሁሉ ሰዓት ተሰድቦ፣ የእሁዱን ማልያ እንደለበሰ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቀና ብሎ ስድቤን ይጠብቃል። ያሰብኩት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። ‹ማልያህ ብብትህ ሥር ተተርትሯል፣ አውልቀውና ልስፋልህ› አልኩት።»

«የሌላውን ስድብ ሁሉ ረሳሁት» አለ ባሌ። «የእሷ ነው አልለቅ ያለኝ።»

«ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ነው የተዋወቅነው አላላችሁኝም?»

«እሱን ብንነግርህ ያቺንም ኳስ ልንነግርህ ሆነ!»

ልጄ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። በመስታወቱ ውስጥ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቱን ያያል። የሆነ ነገር እያሰበ እንደሆነ ገባኝ፤ ሕፃን ሆኖም ሲያስብ ቅንድቡን እንዲያ ነው የሚያደርገው።

«አባዬ፣ ያቺን ኳስ አግብተሃት ቢሆን ኖሮ ሰኞ እዚህ አትመጣም ነበር» አለ።

«ምን ልሠራ? ዋንጫ ይዤ ከተማ አልዞርም?»

«እማዬም ማልያህን አትሰፋልህም ነበር።»

ባሌ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ይሄን አስቦት የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም አስቤው አላውቅም። ልጃችን እጁን ከፎጣው ሥር አውጥቶ የአባቱን እጅ ጨበጠ፤ እንደ ሕጉ፣ ዓይን ለዓይን እያየው።

«እንኳን ሳትክ» አለው።